የ11 ቁጥር ሙግት

(«ጭስ አልባው ዘመን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ መልስ)

በዚህች መጽሔት ባለፈው እትም አንድ ባልደረባችን «ጭስ አልባው ዘመን» በሚል ርእስ ያወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ለአጻጻፉ ማማር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለንዴቴ። ልጁ ብዕረኛ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ሐሳቡ ሲጨመቅ ግን ይኸው ነው፦ ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ በምትኩ የኤሌክትሪክ መኪና እየገባ ነው፤ ኤሌክትሪካችን የውሃ ነው፤ ስለዚህ የመንገድ ጭስ ጉዳይ ተዘግቷል፤ ለእኛ የቀረን ተመርቀን፣ ሥራ ይዘን፣ ተራችንን ጠብቀን መሪ መጨበጥ ብቻ ነው።

ኧረ እባክህ ወንድሜ! እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ ጉዳይ ቢሆንማ ምን ያከራክረን ነበር?

በመጀመሪያ የእሱን እውነት ለእሱ ልስጠው። ከአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከመቶ ዘጠና እጅ የሚበልጠው ከውሃ የሚመነጭ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚህ ኃይል የሚነዳ መኪና የሚተፋው ጭስ የለም፤ ጭስ ማውጫም የለውም። በየዓመቱ ለነዳጅ የምናወጣው ዶላር በቢሊዮን የሚቆጠር ስለሆነም፣ ቤንዚንን በራስ ውሃ መተካት ብልህነት ነው እንጂ ሞኝነት አይደለም። በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው «ተዘግቷል» በምትለዋ አንዲት ቃል ላይ ነው።

ለመሆኑ አዲስ አበባ በምንድን ነው የሚሄደው? ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከፈረንሳይ ወደ አራት ኪሎ፣ ከአውቶቡስ ተራ ወደ መርካቶ የሚጎርፈውን ሰው ቆማችሁ እዩት። በዚህች ከተማ በቀን ከሚደረገው ጉዞ ትልቁን ድርሻ የያዘው እግር ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሚኒባሱ፣ ሀይገሩ፣ ቅጥቅጡና የከተማው አውቶቡስ ይመጣሉ። የራሱን መኪና የሚነዳው ጥቂቱ ነው። የባልደረባችን ጽሑፍ ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ስለ መኪና ሲያወራ «እግር» የምትል ቃል አንድ ቦታ እንኳ አልገባችበትም። የአብዛኛውን ሰው ጉዞ ዘልሎ ስለ ጉዞ መጻፍ፣ ስለ እንጀራ እየጻፉ ጤፍን እንደ መርሳት አይሆንም?

እኛ ግን ለእግራችን ስም ሰጥተንለታል። «በምን መጣህ?» ስንባል «በ11 ቁጥር» እንላለን፤ ሁለት እግር ጎን ለጎን ሲቆሙ 11ን ይመስላሉና። ቀልድ ነው፤ ቀልዱ ግን ሐፍረት የተሸፈነበት ቀልድ ነው። የ11 ቁጥር ተሳፋሪ ስንሆን ለምን እንሳቃለን? እስቲ ይህን እንመርምረው።

ሐፍረቱ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ጥንት ጌታ በበቅሎ ይሄዳል፤ አሽከሩ በእግሩ ይከተላል። የሰውየው ክብር በተከታዩ ብዛትና በበቅሎው ማለፊያነት ይለካል። ያ ሥርዓት በ1966ቱ አብዮት ፈረሰ ብለን ታሪክ ተምረናል፤ ፈተናም ተፈትነንበታል። በቅሎዋ ግን አልሞተችም። ጎማ ተክላ፣ መስኮቷን አጥቁራ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ያንኑ አሽከር ጭቃ እየረጨች ታልፋለች። «ሰው ሆነ» የሚባለው አሁንም መኪና የገዛ ነው። እናቶቻችን ሲመርቁን እንኳ ለመኪና ያብቃህ ይሉናል። እንግዲህ የባልደረባችን ጽሑፍ በቅሎዋን ወደ ኤሌክትሪክ ለወጣት እንጂ ከጫንቃችን አላወረዳትም።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ፤ ሌላውን ስነቅፍ እኔ ንጹሕ ነኝ እንዳይመስል። ባለፈው ዓመት በፈተና ሰሞን እኔና ሁለት ጓደኞቼ ካፊያ ቢይዘን ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ ድረስ በስልክ መኪና ጠራን። መንገዱ አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለት ነው፤ በእግር ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። መኪናው እስኪደርስ አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ከተሳፈርን በኋላ ደግሞ መንገዱ ተዘጋጋና ሞተሩ እየሠራ ቆምን። በመስኮቱ ስመለከት ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ የምትወርድ አንዲት እናት በጎናችን አለፈችን። ሸክሟ ከእሷ ይሰፋል። ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ አንዴም ሳታየን አለፈች። እኛ ሦስት ጎረምሶች፣ የነገ ምሁራን፣ በቤንዚን ተጭነን ከኋላዋ ቀረን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ይህን ነገር ማሰላሰል የጀመርኩት።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነህና ሒሳብ አትችልም የሚለኝ ካለ እርሳስ ይያዝና ያርመኝ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ናፍጣ ከሆነ 2.7 ያህል። ሊትሩ ራሱ አንድ ኪሎ ሳይሞላ ይህን ያህል እንዴት ይወጣዋል ብትሉ፣ በቤንዚኑ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲቃጠል ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ስለሚጣመር ነው። እንግዲህ አንዲት የቤት መኪና በከተማ ጭንቅንቅ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ትጠጣለች እንበል። አንድ ሰው ብቻውን ሲነዳት በየኪሎ ሜትሩ 230 ግራም ይለቃል ማለት ነው። 12 ሰው የጫነ የናፍጣ ሚኒባስ ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቢፈጅ በነፍስ ወከፍ 27 ግራም ይደርሳል። 60 ሰው የጫነ አውቶቡስ 40 ሊትር ቢፈጅ 18 ግራም። የ11 ቁጥር ተሳፋሪስ? ዜሮ። ሽሮውን ካልቆጠራችሁበት በቀር ዜሮ።

ይህ ሒሳብ ምን ይነግረናል? ያ እንደ ቅራቅንቦ የምንንቀው፣ ረዳቱ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» እያለ የሚያጣብቀን ሚኒባስ፣ በጥቁር ጭሱ ብንረግመውም በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ካማረችው የቤት መኪና ስምንት እጥፍ የቀለለ መሆኑን ነው። ጭሱ ለሳንባ መርዝ ነው፤ ሞተሩ ይታደስ፣ ይለወጥ፤ እስማማለሁ። ጥፋቱ ያለው ግን ከመጠጋጋቱ ላይ አይደለም። በደርግ ዘመን ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበትን ታክሲ ሕዝቡ «ውይይት» ብሎ ሰየመው። እንዴት ያለ ስም ነው! መንገዱን፣ ዋጋውንና ጊዜውን መካፈል ውይይት ነው። በመኪና ብቻ መሄድ ግን ለራስ ማውራት ነው።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኳ እመቤት እንመለስ። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። የኤሌክትሪክ መኪናንም «ቦታሽ የት ነው? ዋጋሽ ስንት ነው? የምትገጪው ማንን ነው?» ስትሏት «ግድቡ አጎቴ ነው» ትላለች። አጎቷን አከብራለሁ። ጥያቄው ግን አልተመለሰም።

ቦታን እንይ። 60 ሰው የጫነ አውቶቡስ 12 ሜትር ያህል መንገድ ይይዛል። እነዚያ 60 ሰዎች እያንዳንዳቸው በአንዲት አራት ሜትር ቪትዝ ቢሄዱ፣ መኪኖቹ አፍንጫና ጅራታቸው ተነካክቶ እንኳ 240 ሜትር ይሞላሉ። ቪትዟ በቤንዚን ሄደች በባትሪ ርዝመቷ ያው ነው። ታዲያ መንገድ ይስፋ እንላለን፤ መንገድ ሲሰፋ ቤት ይፈርሳል፣ ዛፍ ይቆረጣል፤ የሰፋውን መንገድ ያየ ሁሉ ሌላ መኪና ይገዛል፤ መንገዱ ተመልሶ ይጠባል። አደጋንም እንይ። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ሕይወታቸው ከሚያልፈው መካከል አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ የላትም ብለው ያሞግሷታል። ዜብራ ላይ ለቆመ ዓይነ ስውር ወንድማችን ይህ ሙገሳ ነው ወይስ ማስፈራሪያ?

ከሁሉ የሚከፋው ግን ርቀት ነው። ይህንን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከአክስቴ ነው የተማርኩት።

አክስቴ መሀል ከተማ ትኖር ነበር። ምግብ የምትሠራበት ቤት ከመኖሪያዋ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር፤ በ11 ቁጥር፣ ነጠላዋን አጣፍታ። ሰፈሩ ለልማት ተነሳና ከተማው ዳር ቤት ተሰጣት። ቤቱ ከበፊቱ ይሻላል፤ ውሃና መጸዳጃው ውስጥ ነው፤ ይህን አልክድም። ሥራዋ ግን መሀል ከተማ ቀረ። አሁን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ትነሳለች፤ አንድ አውቶቡስና ሁለት ታክሲ ትይዛለች፤ ማታ ያንኑ ትደግማለች። ባለፈው ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ድሮ እንጀራዬ ሳይቀዘቅዝ እደርስ ነበር። ዛሬ ሊጥ ይዤ ብነሳ ታክሲ ውስጥ ይቦካል።»

ይህች ሴት መኪና አልገዛችም፤ ቤንዚን አልቀዳችም። ግን አሥራ ሁለት ደቂቃዋ ተወስዶ በምትኩ በቀን ሦስት ሰዓት የሞተር ጉዞ ተሰጣት። በእሷ እግር ላይ አርባና ሃምሳ ሺህ እግር ጨምሩበት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፣ መብራት ተተክሏል፤ እኔም እሄድበታለሁ፣ ደስም ይለኛል። ነገር ግን በእግሩ ይሄድ የነበረውን ሰው ሠላሳ ኪሎ ሜትር አርቆ የእግረኛ መንገድ ማስፋት፣ ጥርሱ ለወለቀ ሰው ቆሎ እንደ መጋበዝ አይሆንም? ጉዞን የሚያከብድ የመኪናው ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ቤትና ሥራ፣ ቤትና ትምህርት ቤት፣ ቤትና ገበያ መራራቃቸው ነው። ከሁሉ የቀለለው ጉዞ መሄድ ሳያስፈልግ የቀረው ጉዞ ነው።

አሁን ለሚነሱብኝ መልሶች መልስ ልስጥ።

አንዱ ይነሣና «ዓለምን ያጨሱት አውሮፓና አሜሪካ ናቸው፤ የእኛ ድርሻ ከቁጥር አይገባም፤ ለምን በእኛ ላይ ትጮሃለህ?» ይላል። እውነቱን ነው። ከአንድ መቶ ሃያ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለባት አገር ያለው ተሽከርካሪ ከአንድ ሚሊዮን ብዙም አይርቅም። ለሰሜን ዋልታ በረዶ የአክስቴን እግር መያዣ አላደርግም። ነገር ግን በአራት ኪሎ አደባባይ የምንስበው ጭስ ከፓሪስ የመጣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለደቃቅ ብናኝ ያወጣው መመዘኛ በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር 5 ማይክሮ ግራም ነው፤ የከተማችን አየር ይህን ብዙ እጥፍ ያልፈዋል። የሚያስለውም ፈረንጁ አይደለም፤ መንገድ ዳር ሎሚና ማስቲካ የምትሸጠው ልጅ ናት። ደግሞስ፣ እነሱ መቶ ዓመት የተሳሳቱበትን መንገድ እኛ ዛሬ ጀምረን እንድንሳሳትበት ማን አዘዘን?

ሁለተኛው ይበረታል፦ «ሕዝቡ በእግሩ የሚሄደው ወዶ አይደለም፣ ስለሌለው ነው። ድህነትን ጽድቅ አድርገህ አትስበክ።» ይህ ሰይፍ ነው፤ ሲነሣብኝም ዝም ብዬ አስቤበታለሁ። ያቺን ከእንጦጦ የምትወርድ እናት «ብፅዕት ነሽ፣ ካርቦን አትለቂም» ብላት ልትሰድበኝ መብት አላት። እኔ የምለው ሌላ ነው። አብዛኛው ሰው በእግሩ የሚሄድ ከሆነ፣ መንገዱ መጀመሪያ የእሱ ይሁን። መሄጃ የሌለው ሰው መሄዱን አናወድስ፤ መሄጃውን እንሥራለት። መምረጥ የምንችለው ደግሞ፣ ማለትም እኔና አንተ፣ ሳንገደድ በእግራችን ብንሄድ ጉድጓዱን እናየዋለን፤ ያየነውንም እንጮህበታለን። ከመኪና መስኮት ጉድጓድ አይታይም።

ሦስተኛዋ ግን አሸንፋኛለች። የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ለክፍል ጓደኛችን ባነብላት እንዲህ አለች፦ «ወንድ ስለሆንክ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ መብራት በሌለበት መንገድ ያንተ 11 ቁጥር ለእኔ አትሠራም። እኔ መኪና የምጠራው ለክብር መሰለህ?» ምን ልመልስላት? ያን ያህል ስንራቀቅ የመንገድ መብራት አምፖል የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ መሆኑን አንዳችንም አላሰብንም። የእኔም ረቂቅ እሷን አላካተተም ነበር፤ ልክ የባልደረባችን ጽሑፍ እግርን እንዳላካተተ ሁሉ። እነሆ አርሜዋለሁ፦ አንዲት ሴት ሳትፈራ በማታ የምትሄድበት መንገድ ከመቶ የኤሌክትሪክ መኪና ይበልጣል።

«ይህ ሁሉ ተራ የታክሲ ወሬ ነው፤ ከትልልቅ ጉዳዮች አይቆጠርም» የሚልም አይጠፋም። የየካቲት 1966 ዓ.ም. ታሪክ ለዚህ መልስ ይስጠው። የነዳጅ ዋጋ ተጨመረ፤ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ፤ መምህራን ማስተማር አቆሙ፤ ተማሪው ወጣ፤ መንግሥት ከጨመረው ዋጋ ላይ ቀነሰ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። የሰው የዕለት ጉዞ ዙፋን ሊያነቃንቅ የሚችል ጉዳይ መሆኑን ከዚህ ግቢ ተማሪ በተሻለ ማን ያውቃል?

የቅርቡንም እናስታውስ። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ፣ 41 ባቡር፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ። ዋጋው ሲጀምር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ባልደረባዬ ሆይ፣ «ጭስ አልባው ዘመን» የምትለው ያኔ መጥቶ ነበር እኮ! ለሀብታሙ ብቻ ሳይሆን ለሎሚ ሻጯም ጭምር። ምን ሆነ ታዲያ? በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመለዋወጫ እጦትና በጥገና ጉድለት ከባቡሮቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቆሙ፤ ሰልፉ ረዘመ፤ ሰው ወደ ታክሲ ተመለሰ። ለዚያ ባቡር ያልጮኸ ብዕር ለኤሌክትሪክ የቤት መኪና ቅኔ ሲዘርፍ ሳይ ነው እንግዲህ ንዴቴ የመጣው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች በወር አንድ እሑድ ለመኪና ሲዘጉ ሕፃናት አስፋልት ላይ ኳስ ሲያንከባልሉ አይተናል። ማለፊያ ሐሳብ ነው። ግን መንገድ ለሰው በወር አንድ ቀን ከሆነ፣ የቀሩት ሃያ ዘጠኝ ቀኖች ለማን ናቸው?

ተቺ ብቻ ሆኜ እንዳልቀር የምለውን በግልጽ ልበል።

ከእኛ ልጀምር። ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ለሚፈጅ መንገድ፣ ቀን ከሆነና ጤና ካለን፣ መኪና አንጥራ። መጥራት የግድ ሲሆን ደግሞ አራት ሆነን እንሳፈር። ራቅ ላለው አውቶቡስና ባቡር እንምረጥ፤ ቢያስመርረንም ምሬታችንን ተሳፋሪ ሆነን እንናገር፤ የሸሸ ሰው ምሬት ማንም አይሰማውምና። ማታ ሴት ጓደኞቻችን ከቤተ መጻሕፍት ሲወጡ ተጠባብቀን በቡድን እንሂድ፤ እነሱ ከፈለጉና በፈለጉት መንገድ። በየግቢው ብስክሌት የሚታሰርበት ጥላ ያለው ቦታ ይሠራ፤ ከብዙ ብረትና ከአንድ ጥበቃ በላይ አይጠይቅም።

ከዚያ ደግሞ የምንጠይቀው አለ። የኤሌክትሪክ ኃይሉ መጀመሪያ ለአውቶቡስና ለባቡር፣ ቀጥሎ ለሚኒባሱ፣ በመጨረሻ ለቤት መኪና ይድረስ። የቆሙት ባቡሮች ይጠገኑ። ሰው ሲዛወር ሥራው፣ ትምህርት ቤቱና ገበያው አብሮት ይዛወር፤ ካልሆነም ከመዛወሩ በፊት አውቶቡሱ ይቅደመው። የእግረኛ መንገድ በዋናው ጎዳና ብቻ ሳይሆን አክስቴ ጎሕ ሳይቀድ በምትወጣበት የጭቃ መንገድም ይሠራ።

ባልደረባዬ ሆይ፣ ቂም የለኝም። ስትመረቅ መኪና ግዛ፤ ኤሌክትሪክም ይሁን። ግን ጭቃ ስትረጭብኝ «ጭስ አልባ ነኝ» ብለህ አታጽናናኝ። በሚቀጥለው እትም መልስህን እጠብቃለሁ። እስከዚያው ለመከራከር ከፈለግህ ዘወትር ማለዳ 1 ሰዓት ከሽሮ ሜዳ እነሳለሁ፤ አብረን እንውረድ። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ወሬም ይበቃናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እንቁላሉ እንኳ የመረጠው 11 ቁጥርን ነው።